ኮምፒውተርዎ አማርኛዎን ሰምቶ እንዲጽፍ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በቤት ኮምፒውተር ንግግርን ወደ ጽሑፍ ስለመቀየር ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ደጋግመው የሚነሡትን ዛሬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን ሁልጊዜ የምለውን ልበል፦ ማይክሮፎኑን ሳትፈትሹ ሶፍትዌሩን አትውቀሱ፤ ማሽኑ የጻፈውን ሳታነቡ ለማንም አትላኩ፤ አንቲቫይረሳችሁን በማንም ምክር አታጥፉ።

ከባሕር ዳር የደወሉ ጡረታ የወጡ መምህር፦ «የሕይወት ታሪኬን መጻፍ እፈልጋለሁ፤ መተየብ ግን አልለመድሁም። አማርኛ ሰምቶ የሚጽፍ ነገር አለ? ክፍያስ አለው?»

መምህር፣ አለ፤ ክፍያም የለውም። ጉግል አማርኛን በድምፅ መጻፊያ አገልግሎቱ ውስጥ ያስገባው በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ነው። ክሮም የተባለውን ብሮውዘር ከፍተው በጂሜይል አድራሻዎ ጉግል ዶክስ ወደተባለው የጉግል የጽሑፍ መጻፊያ ይግቡና አዲስ ገጽ ይክፈቱ። ከላይ «ቱልስ» የሚለውን፣ ከዚያም «ቮይስ ታይፒንግ» የሚለውን ሲጫኑ የማይክሮፎን ምልክት ይወጣል። ከምልክቱ በላይ ካለው የቋንቋ ዝርዝር አማርኛን ይምረጡ፤ ይህን ከዘነጉ ማሽኑ የሚናገሩትን በሌላ ቋንቋ ስለሚሰማው ትርጉም የሌለው ነገር ይደረድርብዎታል። ብሮውዘሩ ማይክሮፎኑን ለመጠቀም ፈቃድ ሲጠይቅዎ ይፍቀዱለት፤ ምልክቱን ሲጫኑትና ቀይ ሲሆን ይናገሩ።

አነጋገርን በተመለከተ፣ እርስዎ ለዓመታት ለተማሪዎችዎ የቃል ጽሕፈት ሲያስጽፉ እንደነበረው፣ ረጋ ብለው፣ ቃላቱን ሳይውጡ፣ ሐሳቡን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ቃል በቃል እየቆራረጡ መናገር ይረዳል ብለው የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ማሽኑ አንዱን ቃል የሚለየው ከጎኑ ባሉት ቃላት ጭምር ስለሆነ መቆራረጡ ስሕተቱን ያበዛዋል። አራት ነጥቡንና ነጠላ ሰረዙን በእጅ ማስገባት ይኖርብዎታል፤ በድምፅ ሥርዓተ ነጥብ ማስገባት የሚቻለው በጥቂት ቋንቋዎች ብቻ ነው፣ አማርኛም ከእነዚያ መካከል የለም። ወደ ሌላ ገጽ ከሄዱ መስማቱን ያቆማል፤ አገልግሎቱም ያለ ኢንተርኔት አይሠራም። አንድ ገጽ በጨረሱ ቁጥር መልሰው ያንብቡት፤ ከሳምንት በኋላ ሲያነቡት ምን ለማለት እንደፈለጉ ለራስዎም ሊጠፋብዎ ይችላል።

ከአዳማ፦ «ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኤችን አንድ ላይ ስጫን የድምፅ መጻፊያው ይከፈታል፤ አማርኛን ግን አላገኘሁትም።»

የአማርኛ የፊደል ሰሌዳ በዊንዶውስ ውስጥ መኖሩ የድምፅ መጻፊያውም አማርኛ ያውቃል ማለት ስላልሆነ ለአማርኛ ከላይ የተናገርሁትን ጉግል ዶክስ ተጠቀሙ።

ከአዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ፦ «ዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ላይ የስልኬን የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ብናገርም ምንም አይጽፍም። ሶፍትዌሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንሁት።»

ሶፍትዌሩ በደል አልሠራም፤ ማይክሮፎኑን አስቀድሙ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የስልክ ማዳመጫ ድምፅን የሚያሰማውንና የሚቀበለውን መስመር በአንድ መሰኪያ ላይ አጣምሮ የያዘ ሲሆን፣ አብዛኛው ዴስክቶፕ ግን ለማዳመጫ አረንጓዴ፣ ለማይክሮፎን ሮዝ ሆነው የተለያዩ ሁለት ቀዳዳዎች አሉት። አንዱን መሰኪያ በአረንጓዴው ቢሰኩት ሙዚቃ ይሰማሉ፤ ኮምፒውተሩ ግን እርስዎን አይሰማም። መፍትሔው መስመሩን ለሁለት የሚከፍል አነስተኛ ገመድ መግዛት ወይም በዩኤስቢ የሚሰካ ሄድሴት መጠቀም ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ የራሱ የድምፅ ካርድ ስላለው በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ከሚሰማው የጩኸት ቅልቅል ያድናልና።

ከሰኩት በኋላ ወደ ዊንዶውስ ሴቲንግስ ገብተው «ሲስተም»፣ ቀጥሎም «ሳውንድ» የሚለውን ይክፈቱ፤ በ«ኢንፑት» ሥር የሰኩት ማይክሮፎን መመረጡን፣ ሲናገሩም መስመሩ መንቀሳቀሱን ይመልከቱ። ካልተንቀሳቀሰ «ፕራይቬሲ» በሚለው ክፍል ውስጥ የማይክሮፎን ፈቃድ ተዘግቶ እንደሆነ ያረጋግጡ። ማይክሮፎኑን ከአፍዎ ሁለት ሦስት ጣት ያህል አርቀው ከከንፈርዎ ጥግ ያድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ «ፐ»ንና «ጰ»ን ሲናገሩ ትንፋሹ ድምፁን ያበላሸዋል። በብሉቱዝ የሚሠሩ ማዳመጫዎችም ማይክሮፎናቸው ሲከፈት የድምፅ ጥራታቸው እንደሚወርድ ይወቁ። የጀነሬተርና የቴሌቪዥን ድምፅ ባለበት ክፍል ውስጥ የትኛውም ሶፍትዌር አያስደስትዎትም።

ከሐዋሳ፦ «ጓደኛዬ ውድ የሆነ የድምፅ መጻፊያ ሶፍትዌር በፍላሽ ከነክራኩ ሰጠኝ። ሲጫን አንቲቫይረሱን አጥፋ ይላል። ለአምስት ደቂቃ ባጠፋው ምን ይጎዳኛል?»

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ፤ የሚያስከትለውንም በየጊዜው ስለማይ መልሴ ይረዝማል፤ ታገሠኝ።

ክራክ ማለት የፕሮግራሙን የፈቃድ መቆጣጠሪያ እንዲያፈርስ፣ አንተ የማታውቀው ሰው የጻፈው ሌላ ፕሮግራም ነው። ሥራውን ለመሥራት በኮምፒውተርህ ላይ ሙሉ ሥልጣን ይጠይቃል፣ አንተም «የስ» ብለህ ትሰጠዋለህ። ከዚህ በተጨማሪ ሊያየው የሚችለውን ብቸኛ ጠባቂ አስቀድመህ እንድታሰናብት ያዝዝሃል። «አንቲቫይረስ ሁሉንም ክራክ በስሕተት ቫይረስ ይለዋል» የሚለው ወሬ በየኮምፒውተር ቤቱ ይነገራል፤ ነገር ግን እውነተኛ ቫይረስ የተቀላቀለበትን ካልተቀላቀለበት በዓይንህ አይተህ ልትለየው አትችልም፤ የሰጠህ ጓደኛም በቅንነት ቢሰጥህ እንኳ አይችልም። አምስት ደቂቃም ብዙ ጊዜ ነው፤ እንዲህ ያለው ፕሮግራም ለመግባት የሚፈልገው ጥቂት ሰከንድ ሲሆን፣ ከገባ በኋላ በጀርባ ተደብቆ ይቀመጣል፣ አንቲቫይረሱን መልሰህ ብትከፍተውም ራሱን «አታጣራው» ከሚባለው ዝርዝር ውስጥ አስገብቶ ሊቆይ ይችላል።

ምን ያደርጋል? አንደኛው ዓይነት በብሮውዘርህ ውስጥ ያስቀመጥሃቸውን የይለፍ ቃላት ሰብስቦ ይልካል። ከዚያ የሚብሰው የይለፍ ቃሉን ሳያውቅም አንተ እንደገባህ የሚያስቆጥረውን ትንሽ ፋይል ከብሮውዘሩ ወስዶ በኢሜይልህና በፌስቡክህ የሚገባው ነው፤ ከዚያም በስምህ ለዘመዶችህ «ገንዘብ ቸገረኝ» የሚል መልእክት ይሄዳል። ሌላው ዓይነት ፋይሎችህን በሙሉ ቆልፎ ለመክፈቻው ክፍያ ይጠይቃል፤ የልጆች ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቅ ሒሳብ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይዘጋል። በተለይ ይህኛው ፕሮግራም የድምፅ መጻፊያ ነኝ ብሎ የመጣ በመሆኑ ማይክሮፎንህን እንዲከፍት የፈቀድህለት አንተው ነህ፤ ሳታውቀው ቤትህ ውስጥ የሚነገረውን ቢሰማ የሚጠራጠር የለም። ፍላሹም ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ሲዞር ወደ መሥሪያ ቤትህ ይገባል።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይህ ሁሉ አደጋ የሚከፈለው በነጻ ለሚገኝ ነገር መሆኑ ነው። ለአማርኛ ጉግል ዶክስ አለ፤ ለእንግሊዝኛ ዊንዶውስ 11 ራሱ የድምፅ መጻፊያ ይዞ ይመጣል፤ ያለ ኢንተርኔት ለሚፈልግ ዊስፐር የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል። ውድ የተባለው ሶፍትዌር አማርኛ ማወቁን እንኳ ጠይቀሃል? ስለዚህ አትጫነው፤ ፍላሹንም በአንቲቫይረስ ሳትቃኝ አትክፈተው።

አስቀድማችሁ ጭናችሁ ከሆነ ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ፣ የኢሜይልና የባንክ የይለፍ ቃላችሁን ከሌላ ንጹሕ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ቀይሩ፤ ከሁሉም መሣሪያ «ውጣ» የሚለውን ትእዛዝም ተጠቀሙ። የባንክ ሒሳባችሁን በዚያ ኮምፒውተር ከፍታችሁ ከነበረ ዛሬውኑ ለባንካችሁ አሳውቁ። ከዚያ በኋላ ያለውን ራሳችሁ አትሞክሩት፤ ፋይሎቻችሁን አጣርቶ አስቀምጦ ዊንዶውሱን በንጽሕና እንደገና የሚጭን የታመነ ባለሙያ ዘንድ ውሰዱት፣ እርሱም መልሶ ክራክ እንዳይጭንባችሁ ንገሩት።

ከደሴ፣ በጥብቅና ቢሮ የምትሠራ ጸሐፊ፦ «የደንበኞችን ቃለ ምልልስ በስልክ እንቀዳለን። ቅጂውን በነጻ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ድረ ገጽ ላይ ብጭነው ችግር አለው?»

አለው፣ እኅቴ። በድረ ገጽ የሚሠራ መቀየሪያ ማለት ድምፁ ከቢሮሽ ወጥቶ ወደማታውቂው ሰው ኮምፒውተር ሄደ ማለት ነው፤ እዚያ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥና ማን እንደሚያዳምጠው መቆጣጠር አትችይም። በአገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጠበቃና የደንበኛ ምሥጢርም አለ። ስለዚህ ጉዳዩ ከኮምፒውተር በፊት የሕግ ጉዳይ ነውና ጠበቃውን ሳታስፈቅጂ አንድም ቅጂ አትጫኚ።

ድምፁ ከኮምፒውተርሽ ሳይወጣ የሚሠራው ዊስፐር፣ ኦፕን ኤአይ የተባለው ኩባንያ በ2022 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነጻ የለቀቀው ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በተለያየ መጠን ከተዘጋጁት የፕሮግራሙ ዓይነቶች ትንሹ በተራ ላፕቶፕ ይሠራል፤ ትልቁ ግን 10 ጊጋባይት ያህል የግራፊክስ ካርድ ማኅደረ ትውስታ ይፈልጋል። አማርኛ ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፤ ሆኖም ከተማረበት 680,000 ሰዓት ድምፅ ውስጥ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉት 96 ቋንቋዎች በሙሉ የደረሳቸው 117,000 ሰዓት ብቻ በመሆኑ በአማርኛ የሚሰጠው ውጤት ከእንግሊዝኛው በብዙ ያንሳል። አንድ ከባድ ጠባይም አለው፤ ተናጋሪው ዝም ባለበት ቦታ ያልተባለ ዓረፍተ ነገር አሳምሮ ሊጽፍ ይችላል። በምስክር ቃል ውስጥ ያልተባለ ዓረፍተ ነገር ገባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ማሽኑ የጻፈውን ከድምፁ ጋር ቃል በቃል ሳታመሳክሪ በመዝገብ ውስጥ አታስገቢው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ «አማርኛና እንግሊዝኛ ቀላቅዬ ስናገር ይጠፋበታል።»

በአንድ ጊዜ የመረጡለትን አንድ ቋንቋ ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ አንቀጹን በአማርኛ ጨርሰው የእንግሊዝኛውን ቃል በእጅ ያስገቡት።

ከጎንደር፦ «"ሠ"ን በ"ሰ"፣ "ዐ"ን በ"አ" ይጽፍብኛል።»

በዛሬው አነጋገራችን ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ማሽኑ በጆሮው ሊለያቸው አይችልም፤ በብዛት ተጽፎ ያየውን ይመርጣል። ስለ ፊደሉ የሚጠነቀቅ ሰው ራሱ ማረም አለበት፤ መጠንቀቅዎም ደስ ይለኛል።

ከአዲስ አበባ፣ ዓይነ ስውር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «በስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነብልኝን ኤንቪዲኤ የተባለ ፕሮግራም እጠቀማለሁ። በድምፅ ስጽፍ የኤንቪዲኤ ንግግር ራሱ ከጽሑፌ ጋር ይቀላቀላል።»

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም እንደገና ወደ ማይክሮፎን ይመልሰናል። ኮምፒውተርህ በስፒከር የሚያነብልህን ማይክሮፎኑ ሰምቶ መልሶ ይጽፈዋል። ጆሮ የሚሸፍን ባለማይክሮፎን ሄድሴት ከተጠቀምህ ችግሩ በአብዛኛው ይወገዳል። ለመናገር ስትዘጋጅ ኮንትሮል የሚለውን ቁልፍ ብትጫን ኤንቪዲኤ ወዲያው ዝም ይላል፤ ጉግል ዶክስ ውስጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስ አንድ ላይ ሲጫኑ የድምፅ መጻፊያው ያለ መዳፊት ይከፈታል፤ ኮንትሮል፣ አልትና ዜድ ደግሞ ዶክስ ከስክሪን አንባቢ ጋር እንዲግባባ ያደርገዋል። የጻፍኸውንም ኢስፒክ በተባለው የኤንቪዲኤ ድምፅ በአማርኛ አስነብበህ ማረም ትችላለህ። የዩኒቨርሲቲህ የልዩ ፍላጎት ድጋፍ ክፍል ሄድሴት እንዲያቀርብልህ በጽሑፍ ጠይቅ፤ መብትህ ነው።

ከጅማ፣ የሦስት ዓመት ልጅ እናት፦ «ልጄ አፉን አልፈታም። ከኮምፒውተሩ ጋር እየተነጋገረ ቢለማመድ ይጠቅመዋል?»

እኅቴ፣ እነዚህ ፕሮግራሞች የተሠሩት የሚናገርን ሰው ለመጻፍ እንጂ ያልተናገረን ሕፃን ለማስተማር አይደለም። በሦስት ዓመቱ ካልተናገረ የመስማት ችሎታው መመርመር አለበትና ኮምፒውተሩን ትተሽ ልጁን ሐኪም ዘንድ ውሰጂው፤ ነገ ዛሬ አትበይ።

ከመቀሌ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፦ «ጣቶቼ ስለሚደነዝዙ መተየቡን ትቼ በድምፅ መጻፍ ጀመርሁ። አሁን ደግሞ ማታ ማታ ድምፄ ይዘጋል።»

ውኃ በአጠገብዎ ያድርጉ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ያርፉ፣ ማሽኑ እንዲሰማዎ ብለው ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ፤ ማይክሮፎኑ በትክክለኛው ቦታ ካለ የዕለት ንግግር ድምፅ ይበቃዋል። የጣት መደንዘዝ ግን በቁልፍ ሰሌዳ ለውጥ ብቻ የሚታለፍ ስላልሆነ ሐኪም ይየው፤ የድምፁ መዘጋትም ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።