የካፒቴኑ ዕድሜ ስንት ነው?

[ምስል፦ ጥቁር ሰሌዳ። ጥያቄው በጠመኔ ይጻፋል።]

እስቲ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ልስጣችሁ። አንድ መርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች ተጭነዋል። የመርከቡ ካፒቴን ዕድሜው ስንት ነው?

ቪዲዮውን አቁሙትና ትንሽ አስቡበት።

መልስ የለውም። ስለ ካፒቴኑ ምንም አልተነገረንም። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ግን በፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ከተማ፣ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጥያቄ ለ97 የታችኛ ክፍል ተማሪዎች አቀረቡ። 76ቱ ቁጥሮቹን አንሥተው መልስ ሠሩ። 26 ሲደመር 10፣ 36። አለቀ።

ልጆቹ ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም። እንዲያውም አንድ ነገር በደንብ ተምረዋል። መምህር የሚያመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ መልስ አለው። የተሰጠ ቁጥር ሁሉ ይሠራበታል። ባዶ ከመተው የሆነ ነገር መጻፍ ይሻላል። ይህንን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም፤ ክፍል ውስጥ በየቀኑ ሲያዩት የለመዱት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። ስለ ልጆቻችን የወደፊት ሕይወት ስናወራ ቶሎ የምንገባው "ምን ይማሩ?" ወደሚለው ነው። ኮዲንግ ይሁን? ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሁን? ግን ማን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ2010 1ኛ ክፍል የገባን ልጅ አስቡት። ገና 12ኛን ሳይጨርስ ኮሮና መጣ፤ በ2020 በዓለም ዙሪያ 1.6 ቢሊዮን የሚጠጉ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸው ተዘጋባቸው። በ2022፣ ልጁ በሚጨርስበት ዓመት፣ ቻትጂፒቲ ወጣ። ያን ልጅ 1ኛ ክፍል የተቀበለው መምህር ሁለቱንም ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት የነገውን መገመት አይጠበቅበትም። ልጆችን ከማያውቁት ጥያቄ ጋር ማለማመድ ግን ይችላል።

[ምስል፦ የፈተና ወረቀት። በጎቹና ፍየሎቹ እንደገና።]

እዚህ ላይ አንዳንዶች "እንግዲያው እውቀት ይቅር፣ ሁሉም ነገር ስልክ ላይ አለ፤ ማሰብ ብቻ እናስተምር" ይላሉ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ለምን እንደሆነ ያው ካፒቴን ይንገረን።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይኸው ጥያቄ በቻይና፣ ናንቾንግ ከተማ፣ የ5ኛ ክፍል ፈተና ላይ ወጣ። ማኅበራዊ ሚዲያው ተንጫጫ። ጥያቄው ተሳስቷል ያሉ ብዙ ነበሩ። የአካባቢው ትምህርት ቢሮ ግን ስህተት እንዳልሆነ፣ ልጆች የተሰጣቸውን ነገር መርምረው እንዲያዩ ታስቦ የወጣ መሆኑን ገለጸ። በዚህ መሐል አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ እንስሳቱ በአማካይ ክብደታቸው ሲሰላ 7,700 ኪሎ ይሆናሉ። በቻይና ከ5,000 ኪሎ በላይ የሚጭን መርከብ ለመንዳት ፈቃድ ካወጡ 5 ዓመት መሙላት አለበት። ፈቃዱ የሚሰጠው ከ23 ዓመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ ካፒቴኑ ቢያንስ 28 ዓመቱ ነው።

ይህን ሰው ልብ በሉልኝ። በጣም ነው የወደድኩት። 7,700 ኪሎ ለ36 በግና ፍየል በጣም የበዛ ነው፤ ሕጉንም አላጣራሁትም። ግን ጥያቄውን ከሌላ በር የገባበት ስለ እንስሳት ክብደትና ስለ መርከብ ሕግ የሚያነሣው ነገር ስለነበረው ነው። የሚያስቡበት ነገር ጭንቅላት ውስጥ ሳይኖር ማሰብ አይቻልም።

ማወቅ ብቻውን ደግሞ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1980 ጊክ እና ሆሊዮክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የጠላት ምሽግ ሊይዝ የተነሣ የአንድ ጦር አዛዥ ታሪክ አስነበቡ። ወደ ምሽጉ የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ ፈንጂ ተቀብሮባቸዋል፤ ብዙ ሠራዊት በአንድ መንገድ ከሄደ ይፈነዳል። አዛዡ ሠራዊቱን ከፋፍሎ በየአቅጣጫው ላከና ምሽጉ ጋ አገናኘው። ከዚያ ሌላ ጥያቄ መጣ፦ ኃይለኛ ጨረር ዕጢን ይገድላል፣ ግን ጤነኛውንም ሥጋ ያቃጥላል፤ ሐኪሙ ምን ያድርግ? መልሱ ያው ነው፤ ደካማ ጨረሮችን ከየአቅጣጫው ልኮ ዕጢው ላይ ማገናኘት። አብዛኞቹ ግን ሁለቱን አላያያዙም። "ታሪኩን ተጠቀሙበት" ሲባሉ ነው የበራላቸው።

አንድ ምዕራፍ ላይ የተማሩት በራሱ ጊዜ ወደ ሌላው አይሻገርም ማለት ነው። "ይህን ነገር ከዚህ በፊት የት አየነው?" ብሎ የሚጠይቅ መምህር ያስፈልጋል። አንዴ ሳይሆን በየሳምንቱ።

ፈተናውም መለወጥ አለበት። "መረጃው አይበቃም፣ የጎደለው ይህ ነው" ብሎ ለጻፈ ልጅ ማርክ ካልተሰጠ፣ ልጁ ነገ ተመልሶ ወደ መደመሩ ነው የሚሄደው።

[ምስል፦ መማሪያ ክፍል። መምህርቷ ከጥያቄው ላይ ሁለት ቁጥሮች ታጠፋለች።]

ለመጀመር ብዙ በጀት አይጠይቅም። መምህርቷ ከመጽሐፉ አንድ ጥያቄ ትወስድና ሁለት ቁጥሮች ታጠፋለች። "አንድ ባቡር በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል?" ከዚያ ዝም ትላለች። ዝምታው ይከብዳል፤ ግን አትቸኩልም።

"ቲቸር፣ ቁጥር ጎደለ" ትላለች አንዷ።

"ጎበዝ! ምን ቢነግሩሽ ትሠሪዋለሽ?"

"ርቀቱን።"

"የተነሣበትንም ሰዓት!" ይላል ሌላው ከኋላ።

መምህርቷ ሁለቱንም ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ያኔ እስካሁን እጁን አውጥቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ እጁን ያነሣል።

"ቲቸር፣ መንገድ ላይ ይቆማል እንዴ?"