አንድ ሴሚስተር፣ ሦስት የነቀዝ ትውልድ፦ የተማሪ ጥናት በዝግመተ ለውጥ ሥነ ምህዳር ቤተ ሙከራ

[ምስል፦ አንድ የማሾ ፍሬ በማይክሮስኮፕ፤ ቅርፊቱ ላይ ሁለት ሞላላ እንቁላሎች፣ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ጥርት ያለ]

ሁለቱም የነቀዝ እንቁላሎች ናቸው። ነጩ ተፈልፍሏል፤ እጩ ከሥሩ ፍሬውን እየሰረሰረ ሲገባ የወጣው ዱቄት ባዶውን ቅርፊት ሞልቶታል። ጥርት ያለው ከሳምንት በኋላም እንደዚያው ከሆነ አልተፈለፈለም ማለት ነው። ዛሬ የምናየው ጥናት በሙሉ የሚቆመው ይህን ለይቶ በመቁጠር ላይ ነው።

ካሎሶብሩከስ ማኩላተስ የተባለው ይህ ነቀዝ በጎተራ ጠላት ቢሆንም ለጀማሪ ተማሪ እጅግ ይመቻል። አዋቂው ያለ ምግብና ያለ ውሃ ይራባል። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነ አንድ ትውልድ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይፈጅበታል።

ተማሪውን የሚመራው አማካሪ ከሁሉ አስቀድሞ ማስላት ያለበት ይህንን ነው። ሴሚስተሩ 16 ሳምንት ከሆነ 1 ሳምንት ለዝግጅት፣ 12 ሳምንት ለሦስት ትውልድ፣ የቀረው 3 ሳምንት ለትንተናና ለጽሑፍ ይውላል። ብዙ ተማሪ የሚመጣው «ነቀዝ አዲስ እህልን እንዴት ይላመዳል?» በሚል ትልቅ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ድንቅ ነው፤ በምስር ላይ በተደረጉ ሙከራዎች መጀመሪያ ከ100 እጮች አንድ ሁለቱ ብቻ ይተርፉ የነበሩ ነቀዞች ከ20 ባነሱ ትውልዶች ከ80 በላይ መትረፍ ችለዋል። ግን ያ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄውን እናጠበዋለን፦ እናቲቱ ማሾና ሽምብራ ቢቀርብላት እንቁላሏን የት ትጥላለች? የመረጠችው ፍሬ እጮቿ በብዛት የሚተርፉበት ነው ወይ?

[ምስል፦ በፍሪዘር ውስጥ የታሸገ የፍሬ ከረጢት]

ፍሬው ፀረ ተባይ ያልነካው መሆን አለበት። የነካው ከሆነ ነቀዙ ሲሞት ምክንያቱ ከፍሬው ዓይነት ይሁን ከመድኃኒቱ አይታወቅም። ከውጭ የመጣ ተባይ እንዳይኖር በ-20 ዲግሪ ለአንድ ሳምንት ይቀመጣል። ከፍሪዘር ሲወጣ ከረጢቱ ወዲያው አይከፈትም። የክፍሉን ሙቀት ሳይዝ ከተከፈተ ፍሬው ያልበዋል፣ ከዚያም ሻጋታ ይከተላል።

የመጀመሪያው ትውልድ ለልምምድ ነው። ብዙ አማካሪዎች እንደ ብክነት ያዩታል፤ እኛ ግን ከሦስቱ የማይዘለለው ይህ ነው እንላለን። ተማሪው ወንድና ሴት መለየት ይማራል፦ የሴቷ ሆድ ጫፍ ላይ ግራና ቀኝ ጥቁር ጭረት አለ፣ የወንዱ ላይ የለም። ከዚያ ተማሪውና አማካሪው እዚያው 30 ፍሬ ላይ ያሉትን እንቁላሎች ለየብቻ፣ ሳይነጋገሩ ይቁጠሩ። ቁጥራቸው በተለያየበት ፍሬ ላይ አብረው ማይክሮስኮፑ ሥር ይመለሱ። ልዩነቱ ሳይጠብ ወደ እውነተኛው ሙከራ መግባት የኋላ ኋላ ማንም የማያርመው ስህተት ይዞ መጓዝ ነው።

[ምስል፦ በመርፌ ጫፍ እንቁላል ሲፋቅ]

ሁለተኛው ትውልድ እናቶቹን እኩል ማድረጊያ ነው። በአንድ ፍሬ ውስጥ ተጨናንቆ ያደገ ነቀዝ ትንሽ ሆኖ ይወጣል፤ ትንሽ እናት ደግሞ ጥቂት ትጥላለች። ስለዚህ ሁሉም በማሾ ብቻ ይደጉ፣ በእያንዳንዱ ፍሬ ላይም አንድ እንቁላል ይቅር፤ ትርፉ ከመፈልፈሉ በፊት ይፋቃል። ቆየት ብሎ ፍሬው ላይ ክብ ጥላ መሳይ «መስኮት» ሲታይ አዋቂው ሊወጣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ያኔ እያንዳንዱ ፍሬ ባለ 24 ጉድጓድ ፕሌት (24 ትንንሽ ጎድጓዳ ቦታ ያለው ሳህን) ውስጥ ለየብቻ ይቀመጥ። አንድ ላይ ከወጡ በሰዓታት ውስጥ ይገናኛሉ፤ ከወንድ ጋር ያልተገናኘች ሴት አትገኝም።

ቀጥሎ ፈተናው፣ ማለትም ሦስተኛው ትውልድ፣ ይመጣል። 30 ሴቶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ወንድ ጋር ይገናኙና ወንዱ ይወጣል። ሴቷ 20 ማሾና 20 ሽምብራ የተደባለቀበት ፔትሪ ዲሽ (ክዳን ያለው ዝርግ ሳህን) ውስጥ ለ48 ሰዓት ትቆይ። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ። ሽምብራ ከማሾ በእጅጉ ስለሚበልጥ እኩል ቁጥር ማለት እኩል የገጽ ስፋት አይደለም። ንጽጽሩ በፍሬ ይሁን በገጽ ስፋት፣ ውሳኔው ከቆጠራው በፊት ይጻፍ፤ ውጤቱን አይቶ መምረጥ ራስን ማታለል ነው።

በ8ኛው ቀን ነጩና ጥርት ያለው ተለይቶ ይቆጠራል። ምርጫው በዚህ ተመዝግቧል። ከዚያ በየፍሬው አንድ ነጭ እንቁላል ብቻ ያለባቸውን ለይቶ እስኪወጡ መከታተል ነው፤ የወጡት ለተከታተልናቸው ሲካፈል የመትረፍ መጠኑ ይገኛል። ብዙ እንቁላል ያለበት ፍሬ ከተደባለቀ የፍሬው ጥራትና የመጨናነቁ ጣጣ አይለይም።

[ምስል፦ የኤክሴል ሠንጠረዥ]

በኤክሴል አንድ ረድፍ አንድ ፍሬ ይሁን፤ የእናቲቱ መለያ ቁጥር በየረድፉ ይደገም። እያንዳንዷ ሴት 40 ብትጥል 1,200 እንቁላል ይኖረናል፣ የናሙናው መጠን ግን 30 ነው። የአንዲት እናት እንቁላሎች እርስ በርስ ነጻ አይደሉም። የተማሪ ጥናት በብዛት የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ያልነበረ ልዩነት በእንቁላል ብዛት ብቻ ጎልቶ ይወጣል።

አማካሪው በሳምንት አንዴ 30 ደቂቃ ይመድብ። «እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው» ነው፣ በተለይ ተማሪው በተቸገረ ጊዜ። «የዚህን ሳምንት መዝገብ አሳየኝ» ይበል። ክፍት ቦታ፣ የተሰረዘ ቁጥር፣ ሁለት ቀን የተዘለለ ቆጠራ ያኔ ይታያል፤ ለማስተካከልም ጊዜ አለ። በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ መዝገቡ የት እንደሚቀር፣ ጽሑፍ ቢወጣ የማን ስም እንደሚገባ በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ገጽ ይስማሙ። ልዩነት ባይገኝም ጥናቱ እንደሚጻፍ እዚያው ላይ ይስፈር።

ሲያበቃ ፍሬውም ዲሹም እንደገና ለአንድ ሳምንት በ-20 ዲግሪ ይቀመጥ፤ ሳይቀዘቅዝ የተጣለ ፍሬ ነቀዙን ወደ ሰው እህል ይዞት ይሄዳል።