የአክረኑ አሰልጣኝ

ክቡራት እና ክቡራን፣ ውድ ወላጆችና ወጣት ስፖርተኞች፤

ዛሬ የተሰበሰብንባት የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ለብዙዎቻችን የዘመድ አዝማድና የእንጀራ ከተማ ናት። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋችና አሰልጣኝ ስለነበሩት ስለ ፍሪትዝ ፖላርድ እንድናገር ስትጋብዙኝ ሳላመነታ እሺ ያልኩት፣ እኚህ ሰው በ1986 በ92 ዓመታቸው ያረፉት እዚሁ ስለሆነ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፖላርድ በ1894 ቺካጎ፣ ሮጀርስ ፓርክ በተባለው ሰፈር ከፀጉር አስተካካይ አባት ተወለዱ። ሙሉ ስማቸው ፍሬድሪክ ዳግላስ ፖላርድ ሲሆን፣ ባርነትን በብዕርና በአንደበት የታገለው የፍሬድሪክ ዳግላስ መታሰቢያ ነው። ቁመታቸው 5 ጫማ ከ9 ኢንች፣ ክብደታቸው 75 ኪሎ ገደማ ነበር። ፉትቦል ስል፣ እግር ብዙም ኳስ የማይነካበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው፤ ለዚያ ጨዋታ ይህ ትንሽ ሰውነት ነው። ኳስ ይዘው ሲወድቁ ተጋጣሚዎች፣ ፊሽካ ከተነፋ በኋላም ቢሆን፣ ጥቁሩን ልጅ ለመጉዳት ይከመሩባቸው ነበር። እሳቸውም ወዲያው በጀርባቸው ይገለበጡና ታኬታቸውን ወደ ላይ አዙረው ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው እግራቸውን ያሽከረክራሉ። በዚያ ታኬታ ላይ ሊዘል የሚደፍር ብዙ አልነበረም።

በብራውን ዩኒቨርሲቲ ሳሉ፣ በ1916 የዘመን መለወጫ ዕለት፣ በፓሳዲና፣ ካሊፎርኒያ በሚደረገው ሮዝ ቦውል በተባለው የኮሌጆች ጨዋታ የተጫወቱ የመጀመሪያው ጥቁር ሆኑ፤ ቡድናቸው 14 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት መኸር ግን ብራውን ዬል ዩኒቨርሲቲንም ሃርቫርድንም በተከታታይ ሳምንታት አሸነፈ።

በ1919 የጎማ ፋብሪካዎች ከተማ ወደሆነችው አክረን፣ ኦሃዮ ሄዱ። በቀጣዩ ዓመት፣ ዛሬ ኤን ኤፍ ኤል የምንለው የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ በጎረቤት ከተማ በካንተን ሲመሠረት፣ የሳቸው ቡድን አክረን ፕሮስ 8 ጊዜ አሸንፎ፣ 3 ጊዜ አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ሆነ። የዚህ ቡድን ኮከብ ግን፣ በኋላ ራሳቸው እንደተረኩት፣ ልብሳቸውን የሚቀይሩት ከቡድን ጓደኞቻቸው ጋር ሳይሆን የቡድኑ ባለቤት ባለው የሲጋራ ሱቅ ውስጥ ነበር፤ ጨዋታው ሊጀመር ሲል በመኪና ወደ ሜዳ ይወሰዳሉ።

እንግዲህ በ1921፣ ልብሱን በሱቅ ጓዳ የሚቀይረው ይኸው ሰው በሊጉ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ ሆነ። ኃላፊነቱን ከኤልጂ ቶቢን ጋር ይጋሩ ስለነበር፣ እውነተኛው አሰልጣኝ ማን ነበር የሚል ክርክር ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። በእኔ አስተያየት ክርክሩ ከስፖርቱ ይልቅ ስለ ተከራካሪዎቹ ይናገራል። አሰልጣኝ ተጫዋችም መሆኑ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ሌሎቹን ማንም አልጠየቃቸውም። በዚያው ዓመት አክረን ውስጥ፣ በኋላ በድምፁ ዓለምን ያስደመመው ፖል ሮብሰን አብሯቸው ተጫውቷል፤ በ1922ም ሁለቱ ለሚልዋኪ ተሰለፉ።

ከ1934 እስከ 1945 በሊጉ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ሕግ አልወጣም፤ ባለቤቶቹ ዝም ተባብለው በሩን ዘጉ እንጂ። ፖላርድ ቀድሞውኑ በ1928 በቺካጎ ጥቁሮች ብቻ የሚጫወቱበት ቡድን አቋቁመው፣ ከነጮች ቡድኖች ጋር ያጋጥሙት ነበር። በ1935 ደግሞ በኒውዮርኩ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም፣ ብራውን ቦምበርስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን አሰልጣኝ ሆኑ። ስሙ ከቦክሰኛው ከጆ ሉዊስ ቅጽል ስም የተወሰደ ነው፤ ያው ጆ ሉዊስ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ፣ ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወርር ሲዘጋጅ፣ ጣሊያናዊውን ካርኔራን በዘረረ ጊዜ ሃርለም ስለ ኢትዮጵያም ጭምር ነበር የጨፈረው።

በ1989 አርት ሼል የሬይደርስ ቡድን አሰልጣኝ ሲሆን "በዘመናዊው የሊጉ ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ" ተባለ። "ዘመናዊው" የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ የፖላርድ ሥራ በሙሉ የተሸፈነው በእሷ ሥር ነው። ፖላርድ ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏል፤ አክረንን ካሠለጠኑ ደግሞ 68 ዓመት። ስማቸው በፕሮፌሽናል ፉትቦል የዝና አዳራሽ የገባው በ2005 ነው። አዳራሹ የሚገኘው በካንተን ሲሆን፣ አክረን ውስጥ ልብሳቸውን ይቀይሩበት ከነበረው ሱቅ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው።

አመሰግናለሁ።