እጅጌውን አትልቀቅ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም። እኔና እናንተ ብቻ ነን። ላወራችሁ የፈለግኩትን ነገር ለብዙ ዓመታት በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ። ስለ ጁዶ ነው። ካራቴ ወይም ቴኳንዶ የሠራችሁም ብዙውን ታውቁታላችሁ። ምንም ያልሠራችሁ ደግሞ ቆዩልኝ፣ ወሬው ወደ ሥራና ወደ ቤት መምጣቱ አይቀርም።

ጁዶ እንደምሠራ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ «ምን ጠቀመህ?» ይለኛል። ብዙዎች «ራሴን መከላከል ቻልኩ» እንድላቸው ይጠብቃሉ። ከልምምድ ቦታ ውጪ ግን ማንንም ጥዬ አላውቅም፣ እንዲያጋጥመኝም አልፈልግም። የተማርኩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ መውደቅ ነው። ሌላው ሰው መጣል ነው። ሁለተኛውን የተማርኩት በሌላ ሰው ጉዳት ነው፤ ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከመውደቁ ልጀምር።

ጁዶ ስጀምር 26 ዓመቴ ነበር። ጊዜው ለእኔ ጥሩ አልነበረም። ሥራ ለቅቄ የራሴን ነገር ሞክሬ አልተሳካልኝም። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ራሱ ይከብደኝ ነበር። አንድ ጓደኛዬ «ና፣ ቢያንስ ሰውነትህን አፍታታ» ብሎ ጎትቶ ወሰደኝ። እኔ የጠበቅኩት ሰው አንስቶ መወርወር ነበር። አሰልጣኙ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ምንጣፉ ጥግ ላይ ወስደው ቁጢጥ አስባሉኝና «ውደቅ» አሉኝ።

በቃ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስወድቅ ሰነበትኩ።

አወዳደቅ ሥርዓት አለው። ወደ ኋላ ስትወድቅ አገጭህን ደረትህ ላይ ትለጥፋለህ፤ ዓይንህ ቀበቶህን ማየት አለበት፣ አለበለዚያ ጭንቅላትህ ወደ ኋላ ሄዶ መሬት ይመታል። ጀርባህን እንደ ቅስት ታጎብጣለህ። ጀርባህ ምንጣፉን ሲነካ በዚያው ቅጽበት ሁለቱን ክንዶችህን ከጎንህ ገለጥ አድርገህ ምንጣፉን በመዳፍህና በክንድህ ትመታለህ። ጧ! ያለ ድምፅ ይሰማል። የመውደቁ ኃይል አንድ ቦታ ላይ ከሚያርፍ በሰፊው ይበተናል። ትንፋሽህን አትይዝም፣ ታወጣዋለህ። ከዚያ ትነሳለህ። ከዚያ ደግሞ ትወድቃለህ። ጃፓኖቹ ይህንን «ኡኬሚ» ይሉታል። ቃሉ ውስጥ «መቀበል» የሚል ትርጉም አለ። መሬቱን በሰውነትህ ትቀበለዋለህ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሲወድቅ በተፈጥሮው እጁን ዘርግቶ መሬቱን ለማስቆም ይሞክራል። የእጅ አንጓ የሚሰበረው እንዲህ ሲሆን ነው። አንዳንዴም የመውደቁ ኃይል በክንድ ወጥቶ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚሄደውን አጥንት ይሰብራል። ጉዳቱ ከመውደቁ ይልቅ መውደቅን እምቢ ከማለት ይመጣል። ይህንን አሰልጣኜ ሲነግሩኝ የአወዳደቅ ስልት ብቻ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳስበው ያለፈውን ዓመት በሙሉ እጄን ዘርግቼ መሬት ሳስቆም ነበር የከረምኩት። የጀመርኩት ነገር እንደማይሆን ሳውቅ ላለማመን ታገልኩ። ለቤተሰቤ ዋሸሁ። ብድር በብድር ላይ ጨመርኩ። መውደቄ አልሰበረኝም፤ የሰበረኝ እሱን ለመደበቅ ያደረግኩት ነገር ነው።

ስለ ቀና አመለካከት ሲወራ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «አይዞህ፣ ሁሉም ይሳካል» የሚል ነው። ክፋት የለውም። ግን እኔን ጠቅሞኝ አያውቅም። ምንጣፉ ላይ «አይዞህ፣ አትወድቅም» ያለኝ ሰው አንድም የለም። «ትወድቃለህ፣ እንዴት እንደምትወድቅ እናሳይህ» ነው ያሉኝ። አንድ ምሽት ላይ መቶ ጊዜ ከወደቅህ በኋላ መሬቱ ያን ያህል አያስፈራህም። ምን እንደሚመስል ታውቀዋለህ። ከመሬቱ እስከ እግርህ ምን ያህል እንደሆነም ታውቃለህ። ለእኔ ቀና አመለካከት ማለት ይህ እውቀት ነው። የመጀመሪያውን የቀበቶ ፈተና ወደቅኩ። ሁለተኛውንም ወደቅኩ። ሁለቱንም ጊዜ በማግስቱ ማታ ልምምድ ላይ ነበርኩ። የድሮው እኔ ብሆን ኖሮ ከዚያ ሰፈር መንገድ እቀይር ነበር።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» እንላለን። ውጪ ሕይወቱ እንዲያ ነው፣ ሁላችንም አይተነዋል። ምንጣፉ ላይ ግን የወደቀውን ለማንሳት መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው የጣለው ሰው ነው። ይህንን ሳይ መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባኝ ነበር። ከዚያ ለመድኩት። ልማድ ሲሆን ግን ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ረሳሁት።

የሚቆጨኝን የሠራሁትም በዚያ ጊዜ ነው።

አራተኛ ዓመቴ ላይ ነበርኩ። ከጥቁር ቀበቶ በፊት ያለውን ቡናማ ቀበቶ ታጥቄያለሁ። አሰልጣኛችን ለአዲስ ገቢዎች መሠረታዊውን እንዳሳይ ኃላፊነት ሰጡኝ። ደስ አለኝ፣ ልቤም አበጠ። አንድ ልጅ ነበር፣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ዝምተኛ፣ የሚነገረውን ሁሉ የሚያደርግ ልጅ። በዚያ ምሽት በር ላይ የቆሙ ተመልካቾች ነበሩ። በትከሻ ላይ አሳልፎ የሚጣልበትን፣ «ኢፖን ሴዎይ ናጌ» የሚባለውን ላሳይ ብዬ ልጁን ጠራሁት። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። በአንድ እጅህ እጅጌውን ትይዛለህ። ዞረህ ትገባለህ፣ ሌላውን ክንድህን በብብቱ ሥር ታሳልፋለህ፣ ጉልበትህን ታጥፋለህ፣ ከዚያ ሰውየው በትከሻህ ላይ ያልፋል። የመጨረሻዋ ነገር ትንሽ ናት። ሰውየው መሬት ሊደርስ ሲል የያዝከውን እጅጌ ወደ ላይ ሳብ ታደርጋለህ። ያቺ ስበት በጎኑና በጀርባው እንዲያርፍ ታደርገዋለች። ካልሳብከው በትከሻው ወይም በጭንቅላቱ ሊያርፍ ይችላል።

እኔ ለቀቅኩት። መልቀቁ ያምር ነበር። ሲበር ይታያል። ከበሩ በኩል «ኧረ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ደስ አለኝ። ልጁ በትከሻው አረፈ።

ተነሳ። ትከሻውን ይዞ «ምንም አይደለም» አለ። ፊቱ ግን ገርጥቶ ነበር። ልምምዱ እስኪያልቅ ጥግ ላይ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም። ከዚያ በኋላም አላየሁትም።

አሰልጣኛችን አልጮሁብኝም። ሁሉም ሲወጡ አስቀሩኝና «እጅጌውን ለምን ለቀቅክ?» አሉኝ። እኔም «አጣጣሉ ግን ትክክል ነበር» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። «መጣልማ ማንም ይጥላል» አሉኝ። «እሱ ራሱን ሰጥቶህ ነበር። አየር ላይ ሆኖ ምንም ማድረግ አይችልም። ከእጅህ በቀር ምን አለው?» ከዚያ ለአንድ ወር ማንንም እንዳልጥል ከለከሉኝ። የእኔ ሥራ ለሁሉም መውደቅ ብቻ ሆነ። ለጀማሪውም፣ ለአንጋፋውም።

ያ ወር አስተማረኝ። ሲጥሉህ አየር ላይ የምትቆየው ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ጣሪያውን አታይም፣ መሬቱንም አታይም። አንድ ነገር ብቻ በግልጽ ታውቃለህ፤ የያዘህ እጅ አለ ወይስ የለም። በቀኝ እጅጌህ ላይ ይሰማሃል። እጁ ካለ አወዳደቅህ ሌላ ነው፣ ሰውነትህ ራሱ ይላላል። እጁ ከሌለ ገና መሬት ሳትደርስ ትደርቃለህ። በጣም ጠንካራ ከሚባሉት ጋር ስወድቅ የተረጋጋሁበት ጊዜ ነበር። ገና ከሚማሩት ጋር ስወድቅ ደግሞ የፈራሁበት ጊዜ ነበር። ምክንያቱ ጉልበት አልነበረም።

የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1882 አንድ ቤተ መቅደስ ውስጥ 12 ታታሚ (የጃፓን የወለል ምንጣፍ) በምታክል ክፍልና በጥቂት ተማሪዎች ሲጀምሩ ገና 21 ዓመታቸው ነበር። ትምህርት ቤቱን «ኮዶካን» አሉት። በኋላ ካስቀመጧቸው ሁለት መርሆች አንዱ «ጂታ ክዮኤይ» ይባላል። እኔም ሌላውም አብረን እንድንበለጽግ ማለት ነው። እኔ ይህንን ለቀበቶ ፈተና በቃሌ አጥንቼው ነበር። ተጠይቄም መልሻለሁ። ልጁን በጣልኩበት ምሽትም በቃሌ አውቀው ነበር።

አንድ ታሪክ ደግሞ አለ፣ ሁልጊዜ የማስበው። ጁዶ ኦሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ነው። በክብደት በማይከፋፈለው ውድድር ፍጻሜ ላይ የኔዘርላንዱ አንቶን ጌሲንክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን ገጠመ። ስፖርቱ የጃፓን፣ አዳራሹ የጃፓን፣ ሕዝቡም የጃፓን ነው። ጌሲንክ መሬት ላይ ይዞት አሸነፈ። የሀገሩ ሰዎች በደስታ ወደ ምንጣፉ ሮጡ። እሱ ገና ከተጋጣሚው ሳይለያይ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ተነስተው ጎንበስ ብለው እጅ እስኪነሳሱ ድረስ ጨዋታው አላለቀም ነበርና። በሕይወቱ ትልቁ ድል ላይ ሆኖ መጀመሪያ ያሰበው ስለተሸነፈው ሰው ክብር ነው። ያንን እጅ ሳስብ የእኔ እጅ የለቀቀው እጅጌ ትዝ ይለኛል።

አሁን ስድስት ሰዎች ያሉበት የሥራ ክፍል እመራለሁ። መሪ መሆን አንዳንዴ ሰው መጣል ነው። «ይህ አይሆንም» ማለት አለብህ። ባለፈው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሦስት ወር የደከመበት ሥራ ተቀባይነት እንዳጣ መንገር ነበረብኝ። ድሮ ቢሆን ኢሜይል ጽፌ እገላገል ነበር። ያ ማለት ጥሎ መልቀቅ ነው። ሌላው ስህተቴ ደግሞ ማለሳለስ ነበር። «ጥሩ ነው፣ ትንሽ ብናስተካክለው» እያልኩ ሰውየውን ማንከራተት። ጁዶ ላይ ግማሽ መጣል የሚባል ነገር አደገኛ ነው። ስታመነታ ሁለታችሁም ተጠላልፋችሁ ትወድቃላችሁ፣ ጉልበት የሚጎዳው ያኔ ነው። ስለዚህ ለብቻው ጠርቼ በግልጽ ነገርኩት። ሥራው አይሄድም፣ ምክንያቱ ይህ ነው፣ አልኩት። ተናደደ፣ መናደድም ነበረበት። ከዚያ ግን አልሄድኩም። ሁለት ቀን አብሬው ተቀምጬ ከሥራው የሚተርፈውን ለየን። ለበላዮቻችን ሳቀርብ አቅጣጫውን መጀመሪያ ያጸደቅኩት እኔ እንደነበርኩ ተናገርኩ። ከእጅጌው ላይ እጄን ያላነሳሁት በዚህ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ማርሻል አርት መሥራት ብቻውን ሰውን ጨዋ አያደርግም። አንጋፋዎች ጀማሪውን እንደ ጆንያ የሚወረውሩበት፣ ልጆች በፍርሃት የሚያድጉበት ቦታ አይቻለሁ። ልጃችሁን ልታስገቡ ከሆነ ወይም ራሳችሁ ልትጀምሩ ካሰባችሁ ግድግዳ ላይ ያሉትን ዋንጫዎች አትቁጠሩ። አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ከሁሉ አዲስ የሆነውን ልጅ ተመልከቱ። ጠንካራዎቹ ከእሱ ጋር እንዴት ይሠራሉ? ሲወድቅ ማን ያነሳዋል?

ያ ልጅ ይህንን ይሰማ እንደሆነ አላውቅም። ስሙን አልጠራም። እየሰማህ ከሆነ ግን በዚያ ምሽት የለቀቅኩህ እኔ ነኝ። አወዳደቅህ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም። ይቅርታ አድርግልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ወጣት መጣች፣ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁም ልትጣል ነው። ፈርታለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። «እጅጌሽን ይዤዋለሁ፣ እስክትነሺ አልለቀውም» አልኳት። ዞሬ ገባሁ፣ ጣልኳት፣ ሳብ አደረግኩ። ክንዷ ምንጣፉን ሲመታ ጧ አለ። ትንሽ ተጋድማ ጣሪያውን አየች። ከዚያ የያዝኩትን እጅጌ ተመለከተች። ተነስታ ልብሷን አስተካከለችና እጇን ወደ እጅጌዬ ዘረጋች።

«አሁን የእኔ ተራ ነው» አለችኝ።