ሐሙስ ከቀኑ 10:30 የገባ መዝገብ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች፣ ከወረዳ የመጣችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተወካዮች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንደምን አደራችሁ፣ አካም ቡልታን።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ገጽ ነው። በየቢሮአችን የገባው የሥራ ሂደት ሶፍትዌር፣ ሁላችንም «ሲስተሙ» የምንለው፣ ቅንብሩ ውስጥ የሥራ ሰዓት ካላንደር የሚሞላበት ገጽ አለው። ሲስተም ሲተከል ይህ ገጽ የሚሞላው ከሁሉ መጨረሻ፣ ሰው ደክሞት ቦርሳውን ሲያነሣ ነው። አንዳንዴም ጭራሽ ሳይሞላ ይቀራል። እኔ ግን ባለጉዳይ በተባለው ሰዓት መስተናገዱም፣ ሠራተኛ ያለ ጥፋቱ አለመወቀሱም እዚያች ገጽ ላይ ይወሰናል ብዬ አምናለሁ።

ሲስተሙ የሚሠራው እንዲህ ነው። መዝገብ ሲከፈት ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። ቢሮ ክፍት ሲሆን ይቆጥራል፣ ሲዘጋ ይቆማል። የተሰጠው ጊዜ ሲጋመስ ለባለሙያው ማስታወሻ ይልካል፤ ሲያልቅ ጉዳዩን ለኃላፊ ያሳውቅና «ዘገየ» ብሎ ይመዘግባል። ቢሮው መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቀው እኛ ስንነግረው ነው። ካልነገርነው ሠሪዎቹ ያስቀመጡለትን ይይዛል። ጄቢፒኤም የሚባለው ሶፍትዌር ለምሳሌ ምንም ካልተነገረው ሳምንቱን 5 ቀን፣ ቀኑን 8 ሰዓት፣ መግቢያውን በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፣ መውጫውን 11 ሰዓት አድርጎ ይነሣል። እንዲህ የሚከፈትና የሚዘጋ የመንግሥት ቢሮ ጅማ ውስጥ የት አለ?

እኛ የለመድነው ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከምሳ በኋላ ከ7:30 እስከ 11:30 ነው። ዓርብ ደግሞ ለጁምዓ ሶላት ሲባል ጠዋቱ 5:30 ላይ ያበቃል። አራት ቀን ስምንት ስምንት ሰዓት፣ ዓርብ ሰባት፤ ድምሩ 39። ቀድሞ የነበረው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የሳምንቱ መደበኛ ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ሲል አስቀምጦት የነበረው ቁጥርም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሚተዳደር ድርጅት ግን ጣሪያው በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ስለዚህ አንድ ካላንደር ለሁሉ አይበቃም። ቅዳሜ የሚሠራ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየንና ቅዳሜ የሚዘጋ ጽሕፈት ቤት በአንድ ካላንደር ከተቆጠሩ፣ አንዱ ላይ በደል ይደርሳል።

አሁን አንድ የደረሰ ነገር ልንገራችሁ። የአንድ ቢሮ ሲስተም ሲተከል እኔም ነበርኩበት። ካላንደሩን የሞላው ልጅ ጠንቃቃ ነው። መግቢያ 2:30፣ ምሳ ከ6:30 እስከ 7:30፣ መውጫ 11:30 ብሎ፣ ደጋግሞ አይቶ አስገባ። እኔም አየሁት፣ ትክክል መሰለኝ፣ አለፍኩት። ማሽኑ ግን የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። ለእሱ 2:30 ማለት ለእኛ ከሌሊቱ 8:30 ነው፤ 11:30 ደግሞ ከረፋዱ 5:30።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ ማመልከቻ ገባ። የተሰጠው ጊዜ 8 የሥራ ሰዓት ነበር። ሲስተሙ ቢሮው ተዘግቷል ብሎ ዝም አለ፤ ሌሊት ከተማው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ከ8:30 ጀምሮ መቁጠር ያዘ። ንጋት 12:30 ላይ ባለሙያዋ ለልጆቿ ቁርስ ስታቀርብ ስልኳ ጮኸ፤ «ከተሰጠዎት ጊዜ ግማሹ አልቋል» ይላል። በ2:30 ቢሮዋን ከፍታ ስትገባ ከስምንቱ ሰዓት አምስቱ ሄዷል። 5:30 ሲሆን ጉዳዩ ለኃላፊዋ ተላለፈ፣ በስሟም «ዘገየ» ተብሎ ተጻፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ወር ሞላ። እሷ ማልዳ እየገባች፣ ምሳዋን እየተወች ልትደርስበት ትታገል ነበር። የማይደረስበትን ሰዓት የሰጠናት እኛ ነን። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ መዝገቧም ተስተካክሏል። ነገሩ ግን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣም፣ ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ስለ እሷ ነው።

ለቴክኒክ ሰዎች ከዚያ ወዲህ የያዝኩትን መለያ ልስጥ። ሰዓቱ በስድስት ከተዛነፈ ሰው በእኛ አቆጣጠር አስገብቶታል። በሦስት ከተዛነፈ ደግሞ ሰርቨሩ የግሪንዊች ሰዓት ይዞ ቀርቷል ማለት ነው፤ የሰዓት ቀጠናውን «አፍሪካ/አዲስ አበባ» በሉት። እኛ ዘንድ በክረምትና በበጋ የሚቀያየር ሰዓት ስለሌለ፣ አንዴ ከተስተካከለ በዚህ በኩል ዕረፍት ነው።

በዓላት ላይ ዕረፍት የለም። «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ዝግ ነው» ብሎ የሞላ ሰው ሦስት ዓመት ይሳካለታል። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ግን እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ የ2016 መስከረም 1 እንደዚያ ነበር፣ የ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ገና ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ይውላል፣ በእኛ አቆጣጠር ግን ታኅሣሥ 29 የነበረው በዘመነ ዮሐንስ 28 ይሆናል። ስቅለትና ፋሲካ በየዓመቱ ይዘዋወራሉ። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ በጨረቃ ስለሚሄዱ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ይቀድማሉ። ኢድ አልፈጥርማ ነገ ይሁን ከነገ ወዲያ የሚታወቀው ዋዜማውን ማታ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ፣ ካላንደሩ ባለቤት ይኑረው። በጨረቃዋ ማታ ስልክ ሳይጠብቅ ገብቶ በዓሉን የሚመዘግብ፣ ሥልጣኑም የይለፍ ቃሉም ያለው፣ ስሙ በደብዳቤ የታወቀ ሰው። ሻጩንም አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ካላንደሩ ሲቀየር ቀድሞ የተከፈቱ መዝገቦች የጊዜ ገደብ አብሮ ይታረማል ወይ? ብዙ ሲስተሞች ገደቡን የሚያሰሉት ሥራው ሲጀመር አንዴ ብቻ ነው። ማታ የጨመራችሁትን በዓል ትናንት የተከፈተው መዝገብ ላያየው ይችላል።

ከማኅበራት ለመጣችሁት ደግሞ የተለየ ቃል አለኝ። እሸት ቡና በር ላይ ሲደርስ ማታ ነው፤ በዚያው ሌሊት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይወርዳል። ገንዳ ውስጥ የገባውም በእሑድ አያርፍም፣ ኢድ ነው ብሎም መብላላቱን አያቆምም። ይህን ሥራ በቢሮ ካላንደር ብትቆጥሩት ዓርብ ማታ የገባ ቡና ሰኞ ጠዋት ድረስ «ሰዓቱ አልደረሰም» ይባልላችኋል፤ ሰኞ ስትከፍቱት ሽታው ይቀድማችኋል። ለገንዳው የማያቋርጥ ሰዓት፣ ለገበሬው ክፍያ ማጽደቂያ የቢሮ ሰዓት ስጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ጊዜ ክፍያ ቤታችሁ አምሽቶ የሚሠራ ከሆነም፣ ለእነዚያ ወራት ብቻ የሚሆን ሌላ ካላንደር ክፈቱ። ገበሬው «ነገ ና» ሲባል ከጎማ ወይም ከሰቃ የትራንስፖርት ከፍሎ ነው የሚመለሰው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሐሙስ የጅማ ገበያ ነው፤ ከገጠር የመጣ ሰው ሸጦ ሸማምቶ ወደ ቢሮ የሚመጣው ወደ ማታ ገደማ ነው። ስለዚህ መሞከሪያችን ሐሙስ ከቀኑ 10:30 የገባ፣ 8 የሥራ ሰዓት የተሰጠው መዝገብ ይሁን። ሐሙስ አንድ ሰዓት፣ ዓርብ ጠዋት ሦስት፣ ዓርብ ከሰዓት አራት። ትክክለኛው ገደብ ዓርብ 11:30 ነው።

ሲስተማችሁ በእኛ አቆጣጠር ዓርብ 10:30 ካለ የጁምዓን ሰዓት አያውቅም። ሐሙስ ሌሊት 6:30 ካለ ካላንደር የሚባል ነገር አልተያያዘለትም፣ ዝም ብሎ ሰዓት ይቆጥራል። ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 9:30 ካለ ያቺ እህታችን ላይ የደረሰው እናንተም ዘንድ አለ።

የበዓላቱና የሥራ ሰዓቱ መሙያ ቅጽ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የካላንደሩ ባለቤት የሚፈርምበት ቦታም አለው። ላፕቶፕ የያዛችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ መዝገቡን አሁኑኑ ከፍተን የሚለውን እንይ።