ትንሽ ከተማ ደርሶ ጀልባ ማሰር፦ የኢሪ ቦይ ማቆሚያዎች

ሄኖክ፦ ጤና ይስጥልን፣ አድማጮቻችን። ዛሬ የምንነጋገረው ለሳምንታት በጀልባ የሚጓዝ ሰው በትንሽ ከተማ የሕዝብ ማቆሚያ ላይ ስለሚያድርበት ሁኔታ ነው። ለዚህም በአሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ግዛት የሚገኘውን የኢሪ ቦይ መርጠናል። የሰሜን አሜሪካን ምሥራቃዊ ክፍል በውኃ የሚዞሩት፣ ማለትም ወደ 9,600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን «ታላቁ ዙር» የተሰኘ መንገድ የሚከተሉት፣ ብዙዎቹ በዚህ ቦይ ያልፋሉ። ብሌን፣ ከከተሞቹ እንጀምር?

ብሌን፦ እንጀምር። እነዚህ ከተሞች አብዛኞቹ ያደጉት በቦዩ ምክንያት ነው። በ1825 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲከፈት ርዝመቱ 584 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ግን 1.2 ሜትር ብቻ ነበር፤ ጀልባዎቹንም በዳርቻው የሚሄዱ በቅሎዎች ይጎትቷቸው ነበር። በ1918 ለትላልቅ የጭነት ጀልባዎች እንዲመች ሆኖ ዳግም ተሠራ፤ ያኔ ግዛቱ በየከተማው ዳርቻ የጭነት ማራገፊያ የኮንክሪት ግድግዳዎችን አቆመ። በ1959 የቅዱስ ሎውረንስ የባሕር መተላለፊያ ሲከፈት ጭነቱ ወደዚያ እየሸሸ ሄደ፤ ግድግዳዎቹ ግን ቀሩ። ዛሬ ተጓዦች ከሚያድሩባቸው ማቆሚያዎች ብዙዎቹ እነዚሁ ናቸው።

ሄኖክ፦ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ መሆናቸው ያስገርመኛል። ከተማዪቱ ከተጓዡ ምን ታገኛለች?

ብሌን፦ ገበያ ታገኛለች። ተጓዡ መኪና ስለሌለው ከማቆሚያው በእግሩ ሊደርስበት ከሚችለው ቦታ ይበላል፣ ይሸምታል፣ ልብሱን ያሳጥባል። ስለዚህ ነጻ ማቆሚያን እንደ ልግስና ብቻ ማየት ትክክል አይመስለኝም፤ ቦዩና ከተሞቹ ከጥንት ጀምሮ የተጠቃቀሙበት መንገድ ቀጣይ ነው።

ሄኖክ፦ እኔ ግን መጠነኛ ክፍያ ቢኖር አልቃወምም፤ ውኃና ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው፣ ቆሻሻ የሚያነሣው ከነዋሪው በተሰበሰበ ግብር ነውና።

ብሌን፦ ለኤሌክትሪኩ ይከፈል፤ ለማሰሪያው ግን ነጻ ቢሆን ይሻላል፤ ምክንያቱም ክፍያ የሚጠይቅ ማቆሚያ ሲያይ ወደሚቀጥለው የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ዋናው የቆይታ ገደቡ መከበሩ ነው። የተለመደው 48 ሰዓት ነው፤ እሱ ካልተከበረ ጥቂት ጀልባዎች ቦታውን ሙሉ የጉዞ ወቅት ይዘው ይቀራሉ።

ሄኖክ፦ የት እንደሚያድሩ አስቀድሞ ማቀድ የሚያስፈልግበትን አንድ ቦታ ብንጠቅስስ?

ብሌን፦ ዋተርፎርድ ነች፤ ከሀድሰን ወንዝ ለሚመጣ የቦዩ ምሥራቃዊ በር። ከከተማዋ ማቆሚያ ብዙም ሳይርቅ አምስት ሎኮች፣ ማለትም በሮቻቸው ተዘግተው ውኃ እየተሞሉ ጀልባን ወደ ላይ የሚያነሡ ክፍሎች፣ ተከታትለው ይገኛሉ፤ በአንድ ላይ 51 ሜትር ያህል ያነሡታል። መውጣት የጀመረ ጀልባ በመካከል ማደር አይፈቀድለትም፤ ሎኮቹም ሌሊት ስለማይሠሩ ማታ የደረሰ ሰው እዚያው አድሮ በጠዋት ቢነሣ ይሻለዋል። ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ደግሞ የሸራውን ምሰሶ ከዚያ በፊት ማውረድ አለበት፤ በምዕራባዊው ክፍል ዝቅተኛው ድልድይ ከውኃው በላይ 4.7 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ሄኖክ፦ ወደ ማሰሩ እንምጣ። ብዙ ጀማሪ የሚጨነቀው እዚህ ላይ ነው።

ብሌን፦ የጭነት ጀልባ ግድግዳ ለትንሽ ጀልባ ቸር አይደለም፤ ከፍ ያለ፣ ሸካራ፣ ማሰሪያ ምሰሶዎቹም የተራራቁ ናቸው። ስለዚህ ገመዶቹ ረዘም ያሉ ይሁኑ፤ የጎን መከላከያዎቹም ከመድረስ በፊት ይሰቀሉ። ቀጥሎ ከነፋስና ከውኃው ፍሰት ብርቱውን ለይቶ፣ አፍንጫን፣ ማለትም የጀልባውን ፊት፣ ወደ እሱ አዙሮ በዝግታ መጠጋት ነው። መጀመሪያ የሚታሰረው የፊቱ ወይም የኋላው ሳይሆን የመካከሉ ገመድ ነው። ከጀልባው ወገብ ተነሥቶ ወደ ኋላ ባለ ምሰሶ ላይ ከታሰረ በኋላ፣ መሪው ከግድግዳው በተቃራኒ ዞሮ ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ ፊት ሲገፋ፣ ጀልባው በራሱ ጉልበት ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ይቆማል። ያኔ ሌሎቹን ገመዶች ያለ ጥድፊያ ማሰር ይቻላል፤ ማንም ሰው ከሚንቀሳቀስ ጀልባ ወደ ግድግዳ መዝለል የለበትም።

ሄኖክ፦ በማግስቱስ ነፋሱ ወደ ግድግዳው እየገፋ፣ ከፊትም ከኋላም ሌላ ጀልባ ታስሮ ቢገኝ?

ብሌን፦ በእጅ መግፋት አያዋጣም። ከአፍንጫው ወደ ኋላ የተዘረጋ አንድ ገመድ ብቻ ይቀራል፤ ከጀልባው ላይ ሆኖ ለመፍታት እንዲመች በምሰሶው ዙሪያ አልፎ ጫፉ ይመለሳል። አፍንጫው ጋ ወፍራም መከላከያ ይደረግና መሪው ወደ ግድግዳው ዞሮ ሞተሩ በዝግታ ወደ ፊት ይሠራል። የኋላው ክፍል ከግድግዳው በሰፊው ሲርቅ ሞተሩ ወደ ኋላ ይቀየራል፤ ገመዱም ይሳባል። በፕሮፔለሩ፣ ማለትም ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ጀልባውን በሚገፋው ክፍል፣ እንዳይጠመጠም ግን ጫፉ እስኪወጣ ድረስ አንድ ሰው ዓይኑን ከገመዱ ላይ መንቀል የለበትም።