በዱቄት ጆንያ የተያዘው አኮርዲዮን

[ድምፅ፦ አኮርዲዮን፣ ብቻውን]

ይህ አኮርዲዮን ለዜማው በአንድ ረድፍ የተደረደሩ አሥር ቁልፎች ብቻ አሉት። አንዱን ተጭናችሁ ወናፉን ስትገፉት አንድ ድምፅ ይወጣል፤ ስትስቡት ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ተጫዋቹ ያለ ዕረፍት ሲገፋና ሲስብ ያመሻል። የካጁን ዘፈን እግርን የሚያስነሳው ምት የሚመጣው ከዚሁ ነው።

[ምስል፦ የሉዊዚያና ካርታ]

በአሜሪካዋ ሉዊዚያና የሚኖሩት ካጁኖች፣ ከ1755 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንግሊዞች ከዛሬዋ ካናዳ፣ ከኖቫ ስኮሺያ ያፈናቀሏቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘር ናቸው። የዛሬው ባለታሪካችን አይሪ ለዠን በ1928 ቸርች ፖይንት አጠገብ ከጭሰኛ ቤተሰብ ተወለደ። ዓይኑ በጣም ደካማ ስለነበር ለእርሻ ሥራ አልሆነም። ሌላው ማሳ ሲወርድ እሱ ዘመዱ አንጄላስ ለዠን ቤት ሄዶ አኮርዲዮን ይለማመዳል። አንጄላስ በ1929 ሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነው።

ለአይሪ አዘፋፈን መልክ የሰጠው ግን ሌላ ሰው ነው፤ አሜዴ አርድዋን፣ ጥቁር ክሪዮል፣ ማለትም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሉዊዚያና ጥቁር። አርድዋን ከነጩ ቫዮሊን ተጫዋች ከዴኒስ ማክጊ ጋር በ1929 ሸክላ አስቀርጿል። ያ የዘር መለያየት በሕግ የጸናበት ጊዜ መሆኑን አስቡት። የአካባቢው ሰዎች እንደሚናገሩት፣ አንዲት ነጭ ሴት ላቡን እንዲጠርግበት መሀረብ ስላቀበለችው ነጮች ክፉኛ ደበደቡት። በ1942 ፓይንቪል በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አረፈ። አይሪ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር፤ የሟቹን ሸክላዎች እየሰማ ያንን ከጉሮሮ የሚፈነቅል እንጉርጉሮ ወረሰ። ካጁን ሙዚቃን የነጭ ብቻ አድርጎ የሚተርክ ሰው ይህን ውርስ ይዘላል፤ እኛ አንዘልም።

በዚያው ሰሞን አኮርዲዮን ራሱ ከፋሽን ወጥቶ ነበር። ጭፈራ ቤቶቹን ቫዮሊንና ጊታር ያዟቸው፤ ሬዲዮው የቴክሳስን ዘፈን ያመጣል፤ ጥሩ ጥሩው አኮርዲዮን የሚሠራባት ጀርመን ደግሞ ጦርነት ላይ ናት። በትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ የተናገረ ልጅ ይቀጣል። አይሪ ግን አኮርዲዮኑን በዱቄት ጆንያ ይዞ ከጭፈራ ወደ ጭፈራ ይሄድ እንደነበር ይነገራል።

በ1948 ከቫዮሊን ተጫዋቹ ፍሎይድ ለብላን ጋር ሂውስተን ሄዶ፣ በፈረንሳይኛ «የፍቅር ድልድይ» የተሰኘውን የቫልስ ጭፈራ ዘፈን አስቀረጸ። ሕዝቡ ወደደው። ጡረታ የወጡ አኮርዲዮኖች ከየሣጥኑ ወጡ፤ ጭፈራ ቤቶቹም እንደገና ተጫዋች ይፈልጉ ጀመር። ከዚያ በኋላ የሌክ ቻርልስ ከተማው የሸክላ አሳታሚ ኤዲ ሹለር ዘፈኖቹን ይቀርጽለት ነበር።

ጥቅምት 8 ቀን 1955 እ.ኤ.አ.፣ አይሪና አብሮት የነበረው ሙዚቀኛ ከጭፈራ ሲመለሱ ጎማ ተነፈሰባቸው። መንገድ ዳር ሲቀይሩ መኪና ገጫቸው። አይሪ በ26 ዓመቱ ሞተ።

አሁን ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ። ቃሉን ባታውቁት ግድ የለም፤ ስንኙ ከመጀመሩ በፊት የሚወጣውን ጩኸት ብቻ ጠብቁ። መጀመሪያ አርድዋን።

[ድምፅ፦ አርድዋን፤ ቀጥሎ አይሪ]